ቪሴንተር ለመጫን 14 ጊጋ ራም? ሐዋሳ ላይ ሰርቨር መማር ለሚፈልግ ሰው በእርግጥ ምን ማሽን ይበቃዋል

ጓደኛዬ ማታ 4 ሰዓት ላይ ደወለልኝ። «ላፕቶፔ ደርቋል» አለኝ። ምን እየሠራህበት ነበር ስለው «ቪሴንተር እየጫንኩ» አለ።

በአይቲ ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አቶቴ አካባቢ ከወንድሙ ጋር ነው የሚኖረው። ሰሞኑን ያየው የሥራ ማስታወቂያ ላይ «የሰርቨር ቨርቹዋላይዜሽን ልምድ ያለው/ያላት» የሚል አንድ መስመር ነበረች። ትምህርት ላይ ስሙን ሰምቶታል፣ በስላይድ አይቶታል፣ በእጁ ነክቶት ግን አያውቅም። ስለዚህ ሶፍትዌሩን ከአንድ ሰው ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጠና 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፑ ላይ ሊጭነው ሞከረ። ሦስት ሌሊት። በሦስተኛው ሌሊት ላፕቶፑ ደረቀ፣ እሱም «ይሄ ነገር ለኛ አይደለም» ብሎ ደወለልኝ።

እኔ የአይቲ ተማሪ አይደለሁም። ግን «ለኛ አይደለም» የሚለው ነገር አላስተኛኝም። የአምራቾቹን የሲስተም ሪኳየርመንት ገጾች አንድ በአንድ አነበብኩ፣ ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ሰዎችን ጠየቅኩ፣ ከጓደኛዬ ጋር ፒያሳ ወርደን ያገለገለ ዴስክቶፕ ፈለግን። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ነገሩ «ለኛ» ነው፤ እሱ የጀመረው በተሳሳተው በር ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ቨርቹዋላይዜሽን ምን እንደሆነ

አንድ ትልቅ ግቢ አስቡ። ባለቤቱ ግቢውን ከፋፍሎ አምስት ሰርቪስ ክፍሎች ያከራያል። እያንዳንዱ ተከራይ የራሱ ቁልፍ አለው፣ የራሱን አልጋ ዘርግቶ ይኖራል፣ የጎረቤቱን ክፍል ከፍቶ አይገባም። መሬቱ ግን አንድ ነው፣ ቧንቧው አንድ ነው፣ የመብራት ቆጣሪውም አንድ ነው።

ግቢው ሰርቨሩ ነው፣ ማለትም በእጅ የሚነካው ብረቱ። ክፍሎቹ ቨርቹዋል ማሽኖች ናቸው፤ አንዱ ውስጥ ዊንዶውስ፣ ሌላው ውስጥ ሊኑክስ ሊኖር ይችላል። ግቢውን የከፋፈለው ሶፍትዌር ሃይፐርቫይዘር ይባላል። ማናጅመንት ሶፍትዌር የሚባለው ደግሞ ቁልፎቹን ይዞ የሚዞረው የባለቤቱ ወኪል ነው፤ ክፍል ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ተከራይ ከአንድ ግቢ ወደ ሌላ ግቢ ያዛውራል፣ ማን ምን ያህል እንደተጠቀመ ይመዘግባል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አይቢኤም በ1960ዎቹ (በፈረንጆቹ) ትልልቅ ኮምፒውተሮቹን እንዲህ ይከፋፍል ነበር። ቪኤምዌር በ1998 ተመሥርቶ ነገሩን ወደ ተራው ኮምፒውተር አወረደው። ኢንቴል በ2005፣ ኤኤምዲ ደግሞ በ2006 ይህንን ሥራ የሚያግዝ ነገር ፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱ መክተት ጀመሩ። ይህቺን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን፤ ሐዋሳ ላይ ያገለገለ ማሽን ለሚገዛ ሰው ከራሙ እኩል የምትወስነው እሷ ናት።

ቢሮዎች ለምን ይወዱታል ካላችሁ፣ ድሮ አንድ መሥሪያ ቤት ለፋይናንስ አንድ ሰርቨር፣ ለሰው ኃይል አንድ ሰርቨር፣ ለኢሜይል ሌላ ሰርቨር ይገዛ ነበር። አብዛኛው ሰርቨር ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትቶ መብራት ይበላል። አሁን ሁሉም አንድ ወይም ሁለት ብረት ላይ ይገባሉ። ሐዋሳ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ሆስፒታሎች፣ ባንኮች፣ የክልል ቢሮዎች፣ ከሐይቁ ዳር እስከ ፒያሳ የተደረደሩ ሆቴሎች አሉ። መረጃውን በኮምፒውተር የሚይዝ ተቋም ሁሉ ሰርቨር ያስፈልገዋል፣ ሰርቨር ያለው ደግሞ የሚያስተዳድርለት ሰው። ማስታወቂያው ላይ ያለችው መስመር የመጣችው ከዚህ ነው።

ጓደኛዬ የሞከረው ነገር ምን ይጠይቅ ነበር?

ቪሴንተር የቪኤምዌር ማናጅመንት ሶፍትዌር ነው። ስሪት 8ን ብንወስድ፣ ትንሹ አማራጭ («ታይኒ» ነው የሚሉት፣ ሚጢጢ እንደማለት) የሚጠይቀው 2 ቨርቹዋል ፕሮሰሰር፣ 14 ጊጋባይት ራም እና 579 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ነው። ሚጢጢው!

ቁጥሩ በየስሪቱ እያደገ ነው የመጣው። በስሪት 6.5 ሚጢጢው 10 ጊጋ ራም ነበር፣ በ7 ወደ 12 ወጣ፣ በ8 ደግሞ 14 ደረሰ።

ይህ እንግዲህ ለወኪሉ ብቻ ነው። ግቢው ገና አልተቆጠረም። ቪሴንተር የሚኖረው ኢኤስኤክስአይ በሚባለው የቪኤምዌር ሃይፐርቫይዘር ላይ ነው፣ እሱም በስሪት 8 ቢያንስ 2 ኮር ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋ ራም እና 32 ጊጋ የሚነሳበት ዲስክ ይፈልጋል። ለትክክለኛ ሥራ ከሆነ ራሙ 12 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመከራል። በወረቀት ደረጃ ስንደምረው 8 ሲደመር 14፣ 22 ጊጋ። አንድም ተከራይ ሳይገባ! የጓደኛዬ ላፕቶፕ 8 ጊጋ ነበር፣ ከዚያ ላይም ዊንዶውስ ድርሻውን ወስዷል። ቢደርቅ ምን ይገርማል?

ግን ሰነዱን ዝቅ ብላችሁ ስታነቡ አንድ ነገር ይገለጥላችኋል። ያ ሚጢጢ የተባለው መጠን የተሠራው እስከ 10 ሰርቨርና እስከ 100 ቨርቹዋል ማሽን ለሚያስተዳድር ሰው ነው። ቀጣዩ መጠን 21 ጊጋ ራም ይወስድና እስከ 100 ሰርቨር ይይዛል። ማለትም ቪሴንተር የተሠራው ብዙ ግቢ ላለው ባለሀብት ነው። አንድ ግቢ ያለው ሰው ወኪል አይቀጥርም፣ ቁልፉን በኪሱ ይይዛል። ኢኤስኤክስአይ ራሱ በብሮውዘር የሚከፈት የራሱ መቆጣጠሪያ ገጽ አለው፤ አንድ ሰርቨር ብቻ ከሆነ ያላችሁ ቪሴንተር ከናካቴው አያስፈልጋችሁም። ጓደኛዬ ይህንን የሚነግረው ሰው አጥቶ ነው ሦስት ሌሊት ያቃጠለው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ቪሴንተር ሲጫን የማሽኑ ስም በዲኤንኤስ ወደ አይፒ አድራሻ፣ አድራሻውም ወደ ስሙ በትክክል መፈታት አለበት፣ ሰዓቱም መስተካከል አለበት። ይህ ካልሆነ ጭነቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይወድቃል። ራም ቢኖራችሁም ይወድቃል። ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው፣ የስህተት መልእክቱ ደግሞ ሁልጊዜ ምክንያቱን በግልጽ አይነግራችሁም።

ብሩስ?

ብሮድኮም የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቪኤምዌርን በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2023 ጠቀለለው፤ ስምምነቱ ሲታወጅ የተነገረው ዋጋ 61 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በወሩ፣ ዲሴምበር 2023 ላይ፣ አንዴ ገዝቶ ለዘለዓለም መጠቀም የሚባለው ላይሰንስ መሸጥ ቀረ። አሁን የሚሸጠው በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ ነው። ሒሳቡም በፕሮሰሰር ኮር ነው፣ ያውም ለአንድ ፕሮሰሰር ቢያንስ 16 ኮር ይቆጠራል፤ የእናንተ ፕሮሰሰር 8 ኮር ቢኖረው እንኳ የ16 ትከፍላላችሁ።

ይህንን ከኛው ጉዳይ ጋር አጋጥሙት። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬውን በገበያ እንዲወሰን ያደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፣ በዚያው ቀን ንግድ ባንክ ላይ 74 ገባ፣ ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ 100 አለፈ። በብር በጀት የሚያዝለት የሐዋሳ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ በዶላር የሚታደስ ላይሰንስ ሲመጣበት ምን እንደሚሆን እናንተው አስሉት።

ነፃ የነበረው ኢኤስኤክስአይም በፌብሩዋሪ 2024 ቀርቶ ነበር፤ በኤፕሪል 2025 ተመልሷል። ነፃው ግን ከቪሴንተር ጋር አይያያዝም። ለመማር ያህል ደህና ነው። አንድ ጥሩ ዜና ልጨምር፦ ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ፕሮ፣ ያ ዊንዶውስ ላይ ተጭኖ ውስጡ ሌላ ኮምፒውተር የምትከፍቱበት፣ ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ ለሁሉም ሰው ነፃ ሆኗል። ድሮ የተሰረቀ ቁልፍ እየተፈለገለት ነበር፣ አሁን አያስፈልግም።

ሌላኛው በር

ፕሮክስሞክስ ይባላል። ከኦስትሪያ ቪየና የመጣ ሥራ ነው፣ የመጀመሪያው ስሪት የወጣው በ2008 ነው። መሠረቱ ዴቢያን ሊኑክስ ሲሆን ሃይፐርቫይዘሩ ኬቪኤም ነው፤ ኬቪኤም ከ2007 ጀምሮ የሊኑክስ ከርነል አካል ነው። ሶፍትዌሩ ነፃና ክፍት ነው፣ ለድጋፍ መክፈል የፈለገ በዓመት ይከፍላል። ካልከፈላችሁ በገባችሁ ቁጥር «ሰብስክሪፕሽን የለህም» የምትል ትንሽ መስኮት ብቅ ትላለች። እሺ ብላችሁ ታልፏታላችሁ።

ምን ይፈልጋል? 64 ቢት ፕሮሰሰር፣ ቨርቹዋላይዜሽን የሚደግፍ። ለሲስተሙ ራሱ 2 ጊጋ ራም፣ ከዚያ በላይ ለምታስገቧቸው ተከራዮች የሚበቃ። ለሙከራ ብቻ ከሆነ 1 ጊጋም ይበቃል ይላሉ። ማናጅመንቱ ለብቻው የሚጫን ነገር አይደለም፤ ሃይፐርቫይዘሩን ስትጭኑ አብሮ ይመጣል፣ በብሮውዘር ይከፈታል። በስልክም ይከፈታል! ጓደኛዬ አሁን ቨርቹዋል ማሽን የሚያስነሳው አልጋው ላይ ተኝቶ በስልኩ ነው።

14 እና 2። ልዩነቱን አያችሁት።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ግን፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሥራ አይደሉም። ቪሴንተር በመቶ የሚቆጠሩ ሰርቨሮችን በአንድ መስኮት ይይዛል፣ ትልልቅ ባንኮች የሚመርጡት በምክንያት ነው። የሥራ ማስታወቂያ ላይም ብዙ ጊዜ የሚጠራው የቪኤምዌር ስም ነው። ስለዚህ ፕሮክስሞክስ ላይ ተምራችሁ ኢንተርቪው ስትገቡ «ቪሴንተር ነክተህ ታውቃለህ?» ልትባሉ ትችላላችሁ። ሐሳቡ ግን ያው ነው፦ ቨርቹዋል ስዊች፣ ስናፕሾት፣ ቴምፕሌት፣ ባክአፕ፣ ማሽን ከአንድ ብረት ወደ ሌላ ማዛወር። አንዱን በእጁ የሠራ ሌላውን በሳምንት ይለምደዋል። በስላይድ ብቻ ያየ ሰው ግን ሁለቱንም አያውቅም።

ላፕቶፕ ብቻ ላላችሁ ደግሞ የማይክሮሶፍት ሃይፐር-ቪ አለ። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ፕሮ ከሆነ ውስጡ ተቀምጧል፣ ማብራት ብቻ ነው። ሆም በሚባለው ስሪት ላይ የለም። 4 ጊጋ ራም ዝቅተኛው ነው ተብሏል፤ እኔ ግን ከ8 በታች አትሞክሩት እላለሁ፣ ዊንዶውሱ ራሱ በልቶት ያድራልና።

ፒያሳ የገጠመን

ያገለገለ ዴስክቶፕ ለመግዛት ወሰንን። ከውጭ መሥሪያ ቤቶች ተጠቅመው ያስወገዷቸው ጥቋቁር ሳጥኖች፣ ታውቋቸዋላችሁ። ዋጋ አልጽፍላችሁም፣ በየሳምንቱ ነው የሚለዋወጠው።

ሱቅ ውስጥ ልጁ «ወንድሜ፣ ይሄ ኮር አይ 5 ነው፣ 16 ጊጋ ራም፣ ኤስኤስዲ አለው፣ ምን ትፈልጋለህ ሌላ?» አለው። ጓደኛዬ ራሙን አይቶ ደስ አለው፣ ከፈለ፣ በባጃጅ ይዘነው ሄድን። ቤት ስንደርስ ባዮስ ውስጥ ለመግባት ሞከርን። ፓስወርድ ጠየቀን።

የቀድሞው ባለቤት፣ የሆነ አገር ያለ የሆነ ኩባንያ፣ ባዮሱን ቆልፎ ነው ያስወገደው። የፕሮሰሰሩ ቨርቹዋላይዜሽን ደግሞ ጠፍቶ ነው ያለው። ያቺ ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ይህቺ ናት። ፕሮሰሰሩ ችሎታው አለው፣ ግን ባዮስ ውስጥ ማብሪያው ጠፍቷል፣ ማብሪያው ጋ እንዳንደርስ በሩ ተቆልፏል። 16 ጊጋ ራም ይዞ ምንም የማይሠራልን ሳጥን። በማግስቱ ተመልሰን ሄድን፤ ልጁ መጀመሪያ «ኮምፒውተሩ ይሠራል አይደል?» ብሎ ተከራከረን፣ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ከቆምን ሌላ ቀየረልን። ሁሉም ሱቅ አይቀይርም።

ስለዚህ ገንዘብ ሳትከፍሉ፣ እዚያው ሱቅ ቆማችሁ፣ ይህንን አድርጉ። ማሽኑ ዊንዶውስ ካለው ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፣ ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ሲፒዩ የሚለውን ንኩ፣ ከግራፉ ሥር «ቨርቹዋላይዜሽን» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። «ኢኔብልድ» ካለ ጨርሳችኋል። «ዲስኤብልድ» ካለ ሪስታርት አስደርጉና ባዮስ ውስጥ ግቡ፤ ኢንቴል ላይ «ኢንቴል ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ»፣ ኤኤምዲ ላይ «ኤስቪኤም» የሚል ማብሪያ ፈልጉ፣ አብሩት፣ ሴቭ አድርጉ። ፓስወርድ ከጠየቀ ማሽኑን መልሳችሁ አስቀምጡት።

ኢኤስኤክስአይን ልሞክር ለምትሉ ደግሞ የኔትወርክ ካርዱን እዩ። ተራ ዴስክቶፖች ላይ የሚበዛው ሪልቴክ የሚባለው ነው፣ ኢኤስኤክስአይ ደግሞ ሪልቴክን በራሱ አያውቀውም። ጭነቱ ሲጀምር «ኔትወርክ አዳፕተር አላገኘሁም» ብሎ ይቆማል። የኢንቴል ካርድ ከሆነ ችግር የለም። ፕሮክስሞክስ ሊኑክስ ስለሆነ ሪልቴክን ያለ ጣጣ ይቀበላል።

ራሙን እንዴት እናካፍለው

የሰርቪስ ክፍሎቹን ግቢ አስታውሱ። ፕሮሰሰር እንደ ቧንቧው ነው፤ አንድ ቧንቧ ለአምስት ተከራይ ይበቃል፣ ሁሉም አንዴ ባልዲ ይዘው ካልመጡ። 4 ኮር ያለው ማሽን ላይ ለተከራዮቹ በድምሩ 8 ወይም 10 ቨርቹዋል ኮር ብትሰጡ ይሠራል። ራም ግን እንደ ክፍሉ ስፋት ነው። አንዱ የተኛበት ቦታ ላይ ሌላው አይተኛም። ራም ሲያልቅ ሲስተሙ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል፣ ያኔ ሁሉም ነገር ይንቀራፈፋል።

የጓደኛዬ 16 ጊጋ እንዲህ ነው የተካፈለው። 2 ለፕሮክስሞክስ ራሱ። 4 ለዊንዶውስ ሰርቨር 2022፤ ማይክሮሶፍት መስኮት ላለው ስሪት 2 ጊጋ ዝቅተኛ ነው ይላል፣ በ2 ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። 2 ለኡቡንቱ ሰርቨር፣ ዌብሳይት የሚያስተናግድበት። 2 ለሌላ ኡቡንቱ፣ ዳታቤዝ ያለበት። ሌላ 2 የኔትወርክ ፋየርዎል ለመለማመጃ። 12 ሆነ፣ 4 መጠባበቂያ ቀረ። አንድ ትንሽ መሥሪያ ቤት ያለው ነገር በሙሉ አቶቴ ውስጥ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጧል ማለት ነው።

ዲስክ ላይ ብዙ አልቆይም። ኤስኤስዲ ይሁን፤ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ላይ አራት ማሽን አንዴ ሲነሳ ማየት ያማል። 256 ጊጋ ለመጀመር ይበቃል፣ ምክንያቱም «ቲን» የሚባለውን አመዳደብ ከመረጣችሁ ለቨርቹዋል ማሽን 100 ጊጋ ብትሰጡትም የሚይዘው የጻፈበትን ያህል ብቻ ነው። የቪሴንተሩ 579 ጊጋም እንዲሁ ሲጫን ወዲያው ሙሉውን አይበላም። ዜድኤፍኤስ የሚባለውን የፋይል ሲስተም ከመረጣችሁ ግን ለእያንዳንዱ 1 ቴራባይት 1 ጊጋ ያህል ተጨማሪ ራም አስቡ።

ሪኳየርመንት ገጹ ፊት ላይ የማታገኙት

መብራት። የኛ ሰው ይህንን ሳይነገረው ያውቀዋል። አንድ ኮምፒውተር በድንገት ሲጠፋ አንድ ፋይል ይበላሻል። አንድ ሃይፐርቫይዘር ሲጠፋ አምስት ኮምፒውተር በአንድ ሰከንድ ነው የሚጠፋው፣ ከመሃላቸው አንዱ ዳታቤዝ እየጻፈ ነበር። ጓደኛዬ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቴ ጠፍቶበት ዊንዶውስ ሰርቨሩ አልነሳም አለ፤ ከዜሮ ጀመረው። ርካሽ ኤስኤስዲዎች ደግሞ መብራት ሲሄድ በእጃቸው ያለውን መጻፍ እንዲጨርሱ የሚረዳ መከላከያ የላቸውም፤ የሰርቨር ኤስኤስዲ ከሚወደድበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው።

ዩፒኤስ ሲገዛ ሰው የሚጠይቀው «ስንት ደቂቃ ይይዛል?» ነው። ዋናው ጥያቄ ግን በዩኤስቢ ከኮምፒውተሩ ጋር ይነጋገራል ወይ ነው። የሚነጋገር ከሆነ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ለፕሮክስሞክስ ይነግረዋል፣ ፕሮክስሞክስም ተከራዮቹን አንድ በአንድ አስተኝቶ ራሱን ይዘጋል። አምስት ደቂቃ ለዚህ ይበቃል። የማይነጋገር ዩፒኤስ ሰላሳ ደቂቃ ቢይዝም፣ እናንተ ቤት ከሌላችሁ፣ በሰላሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ ያው ነው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው፣ ይህ እኔንም ገርሞኛል። ትክክለኛ ሰርቨሮች ሲሸጡ እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ድረስ ይሠራሉ ይባላል። ታች በትንሽ ጽሑፍ ግን ያ ቁጥር ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 900 ሜትር ገደማ ለሚገኝ ቦታ እንደሆነ ተጽፏል። ከዚያ በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነሳል። ከፍ ስንል አየሩ ይሳሳል፣ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት በደንብ አይሸከምም፣ ፋኑ ቢጮህም። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት። ስለዚህ የኛ 35፣ 32 ወይም 33 ነው ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ወደ 30 ይወርዳል፣ ግን እዚያ ቀኑም ቀዝቃዛ ነው። እኛ ጋ በየካቲትና በመጋቢት ከሰዓት ውጭው ራሱ ወደ 30 ይጠጋል። መስኮት በሌለው፣ የድሮ ፋይል በተከመረበት ክፍል ውስጥ ሰርቨር ቆልፈው የሚሄዱ ቢሮዎች አሉ፤ እንዲህ ዓይነት አንድ ክፍል ውስጥ ገብቼ ላብ በላብ ሆኜ ወጥቻለሁ።

አሁን ያሉት ቢሮዎችስ?

የጓደኛዬ ጉዳይ መማር ነው። ሰርቨር ላይ የሰው መረጃ የያዘ ቢሮ ግን ሌላ ሰዓት እየቆጠረበት ነው። የቪኤምዌር ስሪት 7 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 2 ቀን 2025፣ በኛ መስከረም 22 ቀን 2018፣ አብቅቷል። ስሪት 6.7 እንኳ ከ2022 ጀምሮ ድጋፍ የለውም። ድጋፍ የለም ማለት ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍነው ማሻሻያ በመደበኛነት አይመጣም ማለት ነው። ሃይፐርቫይዘሩን የሰበረ ሰው ደግሞ አንድ ክፍል ሳይሆን ሙሉ ግቢውን ነው የሚገባው።

ወደ 8 ለማደግ ደግሞ ተጨማሪ ራም ይጠየቃል፣ አዳዲስ ስሪቶች የድሮ ፕሮሰሰሮችን ከዝርዝራቸው እያወጡ ስለሚሄዱ አንዳንዴ ብረቱም ይቀየራል፣ ላይሰንሱም በዶላር ነው። ከብረት ነፃ መሆን የሚፈልግ መከራየት ይችላል፤ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ የሚል አገልግሎት አለው፣ አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥም እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ያሉ የግል ዳታ ሴንተሮች አሉ። ያኔ የማሽኑ ጭንቀት ወደ ኢንተርኔት ጭንቀት ይዞራል፤ መስመሩ ሲቋረጥ መረጃው 270 ምናምን ኪሎ ሜትር ርቆ ይቀመጣል። ሦስተኛው መንገድ ወደ ነፃው መሸጋገር ነው፣ ፕሮክስሞክስ ማሽኖችን ከኢኤስኤክስአይ የሚያመጣበት መሣሪያ አለው። ይህ ግን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ያንን ሰው ነው እንግዲህ ማስታወቂያው የሚፈልገው።

ሁለት ሦስት ሰርቨር አያይዘን አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይቀበል ለምትሉ፣ ፕሮክስሞክስ ላይ ቢያንስ ሦስት ድምፅ ያስፈልጋል። ሁለት ብቻ ከሆኑ አንዱ ሲጠፋ የቀረው «የጠፋው እሱ ነው ወይስ እኔ?» ብሎ መወሰን ያቅተዋል። ሦስተኛው ትንሽ ማሽን ቢሆንም ድምፅ ለመስጠት ይበቃል።

ጓደኛዬ ኢንተርቪውን ባለፈው ሳምንት ሄደበት። ቪሴንተር ነክተሃል ወይ ብለው ጠየቁት፣ አልነካሁም አለ፣ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ አቶቴ ጠረጴዛ ሥር ያለውን ሳጥን ከፈተላቸው። መልስ እስካሁን አልመጣም። ሰሞኑን የሚፈልገው በዩኤስቢ የሚነጋገር ያገለገለ ዩፒኤስ ነው።

እናንተም ዛሬ ማታ ታስክ ማናጀሩን ከፍታችሁ እዩትና «ዲስኤብልድ» ካላችሁ የማሽኑን ሞዴል ጻፉልኝ። ማብሪያው የት ጋ እንደተደበቀ አብረን እንፈልገዋለን።